ሞዲፋይ የተደረገችው ታንኳችን

ባለፈው ዕትም ከማዳበሪያ ከረጢት የመረብ ኳስ መረብ እንዴት እንደሚሠራ አንብባችኋል። መረቡ በሁለተኛው ቀን እንደተቀደደም አይታችኋል። (ጸሐፊው «የቀደዱት 8ኛ ክፍሎች ናቸው እንጂ የአሠራሩ ጥፋት አይደለም ብለሽ ጻፊልኝ» ብሎ ስለለመነኝ ጽፌለታለሁ።) በዚህ ዕትም ተራው የእኔ ነው። የማስረዳችሁ አጎቴ የደንገል ታንኳውን እንዴት አድርጎ «ሞዲፋይ» እንዳደረጋትና እያንዳንዱ ሞዲፋይ ምን ጉድ እንዳመጣብን ነው። የክበባችን መምህር «ለምን እንደሆነ ካላስረዳሽ ወሬ ብቻ ነው የሚሆነው» ስላሉኝ፣ ለምን የሚለውንም እየጠየቅሁ አስገብቻለሁ።

አጎቴን ጋሼ ነው የምለው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን እዚሁ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁን ብታዩት ታውቁታላችሁ። ከፊቱ ሁለት ትርፍ መብራት፣ ከኋላው የንስር ስዕል፣ ከውስጡ የሠርግ ድንኳን የሚመስል መጋረጃ አለው። ጋሼ የገዛውን ዕቃ እንደገዛው መተው አይችልም። እማዬ «ይኼ ልጅ ጨረቃን ቢሰጡት ስፖኪዮ ይገጥምላት ነበር» ትላለች።

ታንኳዋን የገዛት ለመዝናኛ ነው። እሑድ እሑድ ከጣና ዳር ትንሽ ገባ ብሎ ይቀመጥና መንጠቆ ይጥላል። አሳ ሲይዝ ግን እስካሁን አላየሁም። የገዛትም ከሰፈራችን ሽማግሌ ነው፤ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ናቸው። በጣና ዙሪያ የታንኳ ሥራን ከጥንት ጀምሮ ይዘውት የቆዩት በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። አባባም ከእነሱ ወገን ናቸው፤ ሙያውን የተማሩት ከአባታቸው ነው። አሁን ግን ቁርጥማት እጃቸውን ስለያዘው ገመድ ጠበቅ አድርገው መሳብ አይችሉም። ለጋሼ ሲሸጡለት «ይቺ የመጨረሻዬ ናት፣ አደራ» ብለውት ነበር። እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ታንኳ ለምን እንደምትንሳፈፍ እንወቅ። የብረት መርከብ የሚንሳፈፈው በቅርጹ ነው፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ስለሆነ ብዙ ውሃ ገፍቶ ይቀመጣል፣ ከተቀደደ ግን ውሃ ይሞላና ይሰጥማል። ታንኳ እንደዚያ አይደለችም። ደንገል ቆርጣችሁ ብታዩ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው። ውስጡ ደግሞ ነጭ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ሞልቶታል፤ ስፖንጁ ውስጥ አየር አለ። ስለዚህ ደንገሉ ራሱ ከውሃ ይቀላል ማለት ነው። ደንገሉ ታጭዶ ለቀናት ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በእስር በእስር ይጠፈራል፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ይረጥባል፤ ውሃ በእስሮቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል። ቢሆንም አትሰጥምም፤ የሚቀደድ ነገር የላትማ!

ጋሼ ይህን ሁሉ እያወቀ «ምቾት ይጎድላታል» አለ።

የመጀመሪያው ሞዲፋይ ወንበር ነበር። ከጋራዥ የአሮጌ ባጃጅ ወንበር አመጣ፤ ቆዳው የተቀደደ፣ ስፖንጁ የሚታይ። በእንጨት እግር ሠርቶለት ታንኳዋ መሀል ላይ አሰረው። ቁመቱ ከጉልበቴ ይበልጣል። «አሁን ባለሥልጣን መሰልን» አለ። ወሩ ጥር ነበር። ጠዋት ስለነበረ ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቷል። ጋሼ ከኋላ ቆሞ በሽመል ይገፋል፣ እኔ ወንበሩ ላይ ጉብ ብዬ እንደ ሙሽራ እጄን አወዛውዛለሁ። ከዳር ያሉት ልጆች አፏጩልኝ። ልመልስላቸው ብዬ ዞር አልኩ።

ዞር ማለት ብቻ ነው ያደረግሁት። ታንኳዋ አብራኝ ዞረች።

ዋና አልችልም። እዚያ ቦታ ውሃው ለጋሼ ደረቱ ድረስ ነው፤ ለእኔ ግን ከራሴ በላይ ነበር። ዓይኔን ስከፍት አረንጓዴና ቡናማ ነገር ብቻ ታየኝ። መጮህ ፈልጌ አፌ ውሃ ሞላ። ብዙ ሰው «ሕይወቴ ሁሉ በዓይኔ መጣ» ይላል። በእኔ ዓይን የመጣው ያልሠራሁት የሒሳብ የቤት ሥራ ነው። ከዚያ እጄ አንድ ለስላሳ ነገር ነካና ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩት። ወንበሩ ነው! ከእግሩ ተገንጥሎ እየተንሳፈፈ ነበር። ጋሼ መጥቶ በአንገትጌዬ ይዞ አወጣኝና ታንኳዋ ላይ አስደገፈኝ። ታንኳዋ ተገልብጣም አልሰጠመችም። ወንበሩን ሊያመጣ ሲመለስ ግን የለም፤ ስፖንጁ በተቀደደው በኩል ውሃ ጠጥቶ ሰጥሟል። የጋሼ እጅ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳይቀልድ ወደ ዳር ገፍቶ አመጣኝ።

ቤት ስገባ እማዬ «ምን ሆነሽ ነው የራስሽው?» አለችኝ። «ዝናብ መታኝ» አልኳት። እማዬ በሩ ላይ ወጥታ ሰማዩን አየች። ጥር መሆኑን የረሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሼን ጠርታ ምን እንዳለችው አልጽፍም፤ መጽሔታችን ትንንሽ ልጆችም ያነቡታል። «እታለም፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» ሲላት ብቻ ሰምቻለሁ።

ለምን ተገለበጥን? መልሱ የስበት ማዕከል ነው። ታንኳ ላይ ሰው የሚቀመጠው ዝቅ ብሎ፣ ደንገሉ ላይ ነው። ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ ውሃው ይቀርባል፤ ታንኳዋ ትንሽ ብታዘነብልም ተመልሳ ትቆማለች። ክብደቱ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ትንሽ ዘንበል ሲል ከታንኳዋ ጎን አልፎ ይወጣና ገልብጧት ይሄዳል። ቤታችሁ ሞክሩት። አራት የደረቀ የበቆሎ አገዳ (የአገዳውም ውስጥ እንደ ደንገል ስፖንጅ ነው) ጎን ለጎን አድርጋችሁ በሲባጎ እሰሩና ሳፋ ውስጥ አንሳፉት። መሀሉ ላይ ትንሽ ድንጋይ አስቀምጡ፤ ይቆማል። አሁን ድንጋዩን የክብሪት ቀፎ አቁማችሁ ከቀፎው በላይ አድርጉትና ሳፋውን ነካ አድርጉት። ድንጋዩ እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ሞዲፋይ የእማዬ ትእዛዝ ውጤት ነው። «ልጄ ድጋሚ የምትወጣበት ከሆነ ጀሪካን ይታሰርበት» አለች። ጋሼ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ቅጣት ሳይሆን ፈቃድ ነው የመሰለው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ባዶ የዘይት ጀሪካን ገዝቶ ከታንኳዋ ሥር መሀል ለመሀል አሰራቸው።

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። ከ2200 ዓመታት በፊት በሰራኩስ ከተማ የኖረው አርኪሜዲስ እንዳስረዳው፣ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ከቦታው ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተከድኖ ሙሉ በሙሉ ቢጠልቅ 20 ኪሎ ያነሣል። የራሱን ክብደት አንድ ኪሎ ገደማ ቀንሱ፣ 19 ይቀራል። ሁለቱ 38 ኪሎ ያነሣሉ። እኔ 34 ኪሎ ነኝ፤ ከነደብተሬ ይሸከሙኛል ማለት ነው።

ታዲያ ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ታንኳዋ ለምን አስቸገረች? ጀሪካኖቹ ከሥር ስለነበሩ ከውሃው በላይ ብድግ አደረጓት። ጋሼ «አየሽ፣ መርከብ ሆነች!» ብሎ እግሩን ሲያነሣባት እንደ ደነገጠች በቅሎ ጎኗን ሰጠችው። እንደገና ከፍ ብላ ነበራ! ከወንበሩ ጥፋት የሚለየው አሁን ከፍ ያለው ተቀማጩ ብቻ ሳይሆን መቀመጫዋም መሆኑ ነው። ጋሼ ሦስት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ከውሃው ሳይወጣ ቁጭ ብሎ አሰበና ሁለት ረጅም ቀርቀሃ አመጣ። ቀርቀሃዎቹን በታንኳዋ ላይ አግድም አስሮ ጀሪካኖቹን በግራና በቀኝ ጫፋቸው ላይ፣ ከታንኳዋ ግማሽ ሜትር ያህል አርቆ ገጠማቸው። አሁን ታንኳዋ ወደ ቀኝ ስታዘነብል የቀኙ ጀሪካን ይጠልቅና ወደ ላይ ይገፋታል፤ ወደ ግራም እንደዚያው። ብስክሌት ለሚማር ሕፃን ከኋላ እንደሚገጠሙት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ማለት ነው።

ሠራ! በእውነት ሠራ። አባባ እንኳ በምርኩዛቸው ነካ ነካ አድርገው «ይቺስ አትከፋም» አሉ። ጋሼ ፈጠራውን ሊያስመዘግብ ሲነሣ መምህራችን በኢንዶኔዥያና በፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ጀልባቸው ጎን ላይ እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ ግንድ እንደሚያስሩ ነገሩት። አንድ ሳምንት አዘነ። ማስጠንቀቂያ፦ ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ፤ የአንዱ ክዳን ላላ ብሎ ውሃ ሲሞላ ከማዳን አልፎ ጎታች ነው የሚሆነው። ጎን የወጣው ቀርቀሃም በደንገል ውስጥ አላሳልፍ ይላል፣ የሰው መረብም ይይዛል። በዚህ የተነሣ ከአንድ አሳ አጥማጅ ጋር የተነጋገርነውንም አልጽፍም።

ጡሩምባውን በአጭሩ ልለፈው። ጋሼ የባጃጅ ክላክስ ከነባትሪው ገጠመ። አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ወፎቹ በረሩ፣ ባትሪው ውሃ ገባው፣ አለቀ። እንኳንም አለቀ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬ ክላክስ ሰምቶ መንገድ አይለቅም።

በየካቲት ጃንጥላው መጣ። ጋሼ መግፋት ሰለቸውና «ንፋስ በነፃ እያለ ለምን እደክማለሁ?» አለ። የጀበና ቡና ከምትሸጥ ጎረቤታችን ያንን ትልቁን ጃንጥላ ተዋሰና እንደ ሸራ አቆመው። ጣና ላይ ጠዋት ጸጥ ይልና ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሣል። ንፋሱ ሲመጣ ጃንጥላው ሆዱን ነፋ፣ ታንኳዋ በረረች፣ ጋሼ «ሳተላይት ሆንን!» እያለ ይጮኻል። እኔ ቀበቶዬን ከታንኳዋ ጋር አስሬ ጸሎት ላይ ነኝ። (ቀበቶ ከታንኳ ጋር አትሰሩ፤ ብትገለበጥ ከሥሯ ትቀራላችሁ። ያኔ አላወቅሁም ነበር።)

ችግሩ መመለስ ላይ ነው። ሸራ ያላቸው ጀልባዎች ከሥራቸው እንደ ቢላ ወደ ውሃው የሚገባ ክፍል አላቸው፤ እሱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተቱ ስለሚይዛቸው ንፋሱን በጎን ተቀብለው ወደፈለጉት መሄድ ይችላሉ። የታንኳ ሆድ ግን ልሙጥ ነው። ንፋሱ ወደወሰዳት ብቻ ትሄዳለች። ንፋሱ የወሰደን እምቦጭ ውስጥ ነው። እምቦጭን ታውቁታላችሁ፤ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው ያ አረንጓዴ ባለ ሐምራዊ አበባ አረም ነው። ቀርቀሃችንም ጃንጥላችንም ተተበተበ። ጋሼ እዚያው ተቀምጦ «ይኼ እምቦጭ ራሱ ይንሳፈፋል አይደል? ታንኳ ቢሠራበትስ?» ብሎ ማሰብ ጀመረ። እውነት ነው፣ የቅጠሉ እግር እንደ ፊኛ ያበጠ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ግን ተነቅሎ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ሲረጥብ ይበሰብሳል። ከሰዓት ገደማ በኋላ አሳ አጥማጆች በገመድ ጎትተው አወጡን። ከሩቅ ጃንጥላውን አይተው ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁን «ቡና አለ?» ብለው ነው።

አፍንጫዋን የቆረጠው በመጋቢት ነው። ለመውረጃ እንዲመቸው ብሎ ወደ ላይ ቀና ያለውን ጫፏን በመጋዝ ከረከመና በቦታው ጣውላ አሰረ። «ጌጥ ናት፣ ምን ትሠራለች?» አለ። ትሠራ ነበር። ቀና ያለው አፍንጫ ማዕበል ሲመጣ ላዩ ላይ ይወጣል። ጣውላው ግን እንደ አካፋ እያንዳንዱን ማዕበል ዝቆ ጭናችን ላይ አፈሰሰልን።

ይህን ለክበባችን መምህር ስነግራቸው አንድ ታሪክ አወሩኝ፣ እኔም ለእናንተ ላውራችሁ። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ፈለገ። በ1961 ዓ.ም. «ራ» የምትባል ጀልባ አሠራ። ደንገሉ የተወሰደው ከየት ይመስላችኋል? ከእኛው ከጣና! ጠራቢዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሰባት ሰዎች ተሳፍረው ከሞሮኮ ተነሡና ሁለት ወር ገደማ በአትላንቲክ ላይ ሄዱ። ነገር ግን የጀልባዋ የኋላ ጫፍ እየሰመጠ ሄደ፣ ጎኗም ተፈታታ፤ ባርባዶስ የምትባለው ደሴት ሳይደርሱ ጥለዋት ወጡ። ለካ በጥንት ግብፆች ስዕል ላይ የጀልባዋን ቆልመም ያለ የኋላ ጫፍ ከወለሏ ጋር አያይዞ የሚይዝ ገመድ ነበረ። ገመዱ ጫፏን እንደ ሞላ ወደ ላይ የሚስብ ነበር፤ በእነሱ ጀልባ ላይ ግን ቀርቷል። በማግሥቱ ዓመት ከደቡብ አሜሪካ ቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች «ራ ሁለት» ተሠራች፤ እሷ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ጋሼ ይህን ሰምቶ «እኔ ብቻ አይደለሁማ!» ብሎ ደስ አለው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስኩ። በሚያዝያ ጋሼ የታንኳዋን ረጥባ መዋል አልወደደውም። ለጣሪያ የሚሆን ወፍራም ላስቲክ በሜትር ገዝቶ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጠቀለላት፤ መጋጠሚያውን በማስቲሽ ዘጋው። የመጀመሪያው እሑድ እግሬ ሳይረጥብ ወጣሁ። በጣም አሪፍ ነው ብዬ እኔም ነበርኩ ያጨበጨብኩት። ደግሞም ላስቲክ ስለለበሰች ማድረቅ አያስፈልጋትም ብለን ዳር ላይ ጥላ ሥር ትተናት እንሄድ ነበር። አባባ ግን ሁልጊዜ ታንኳ ከውሃ ስትወጣ ፀሐይ ላይ አቁመው ነው የሚያደርቋት።

በግንቦት መጀመሪያ ስንገፋት ከበደችን። መጀመሪያ ለሁለት የምናነሣት ታንኳ ለአራት አልተነሣችም። ሽታም አላት። ላስቲኩ የሆነ ቦታ በሚስማር ተበስቶ ኖሮ ውሃ ሲገባ ከርሟል። ጋሼ ላስቲኩን በምላጭ ሲሰነጥቀው የወጣው ውሃ ጥቁር ነበር።

አባባን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡ። ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን ደንገሉ ላይ ጫን አደረጉ። ጣታቸው እስከ ጥፍራቸው ድረስ ገባ፣ እንደ በሰለ ድንች። ምንም አላሉም። ቢቆጡን ይሻል ነበር።

ጋሼ መሬት መሬት እያየ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ውሃ እንዳይገባባት ብዬ ነው» አለ።

አባባም «መግባቱንማ ይገባል ልጄ። አንተ የዘጋህባት መውጫዋን ነው» አሉት።

ሳይንሱም ይኸው ነው። ደንገል ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፤ አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ሲይዘው ይከብዳል፤ ያን የሰመጠውን የባጃጅ ወንበር አስታውሱ። ስለዚህ ፀሐይና ንፋስ ውሃውን መልሰው መውሰድ አለባቸው። በየቀኑ የምትሠራ ታንኳ እየደረቀችም ቢሆን ዕድሜዋ ወራት ነው እንጂ ዓመታት አይደለም። እኛ ግን እርጥበት፣ ሙቀትና ጨለማ አንድ ላይ ዘግተንባት ለሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት ቤት ሠራንላቸው። ይህንንም በአገዳችሁ ሞክሩት። ሁለት አገዳ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። አንዱን በፌስታል ቋጥሩት፣ አንዱን ፀሐይ ላይ ጣሉት፤ ከሳምንት በኋላ አሽቱት። ፌስታሉን ስትፈቱ እናታችሁ አጠገብ አትፍቱት።

አባባ ሊሄዱ ዞር አሉና ቆሙ። የታጠፉ ጣቶቻቸውን አዩ። ከዚያ ጋሼን «ደንገል አምጣ» አሉት።

«እጅዎ...» አለ ጋሼ።

«እጅማ አንተም አለህ። ይቺም አላት» ብለው በምርኩዛቸው እኔን አሳዩኝ።

ደንገል እንደ ድሮው በየዳሩ ስለማይገኝ በሰው ታንኳ ርቀን ሄደን አጨድን። ሲደርቅ ማገላበጡ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ። ከዚያ ማሰሩ መጣ። አባባ ዱካ ላይ ተቀምጠው በምርኩዛቸው እያሳዩን «እዚህ ጋ፣ ሳቢ! እግርሽን አስደግፊ! አጥብቂ እንጂ፣ ነጠላ ነው እንዴ የምትቋጪው?» ይሉኛል። ገመዱን እግሬን አስደግፌ ስስበው መዳፌ ላጠ። በዚህ ዕትም ላይ የእጅ ጽሑፌ የተበላሸው ለዚህ ነው፤ አዘጋጁ ይቅር በለኝ። አፍንጫዋን ቀና የምናደርግበት ጊዜ አባባ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። ተነሥተው በመዳፋቸው ሳይሆን በክንዳቸው አቅፈው ያዙልን፤ እኛ አሰርን። ዓይናቸው ላይ ላብ ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁትም።

ባለፈው ቅዳሜ ውሃ ላይ አወረድናት። አፍንጫ አላት፣ ላስቲክ የላትም፣ የጎን ጀሪካኖቿ በአባባ ፈቃድ ቀርተውላታል። ጋሼ ሽመሉን ይዞ ገፋ፤ ወደ ግራ ዞረች። ቀጥ አድርጎ ገፋ፤ ወደ ግራ ዞረች። የግራውን ጎን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንደ ጋሼ አጥብቄ ስላልሳብኩት እስሩ ወፈር ብሏል፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ውሃው የበለጠ ይይዛታል። ጋሼ «የባጃጅ መሪ ብገጥምላትስ?» ብሎ ሲጀምር አባባ ምርኩዛቸውን አነሡበት። ከዚያ ሳቁና ስም አወጡላት፤ «ግራዋ» አሏት።

ጋሼ ስሟን ከንስር ስዕል ጋር ሊጽፍ ቀለም ገዝቷል። የሚቀባው ሽመሉን ብቻ እንደሆነ አስምዬዋለሁ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል